ሕፃናት በመኝታ ሰዓት ለምን አይተኙም?
ከፎገራ ሜዳ ምሽት የተወሰደ የሥነ ሕይወት ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዝን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ የሚገነጠልባትን ወረታን እናገኛለን። ከተማዋ የምትገኘው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ፣ ካለፉት አራት አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዙ ይታወቃል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው በወረታ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ስለ ሩዝ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ከጨለመ በኋላ በብዙ ቤት ስለሚካሄድ ትግል ነው። ይኸውም ሁለት ዓመት የሞላውን ሕፃን ማስተኛት ነው።

በኅዳር ወር ያለ አንድ ምሽት እናስብ። እናት ስትሰበስብ የዋለችውን ሩዝ ትታ ልጇን አዝላ ወደ ቤት ትመለሳለች። እሳት ታቀጣጥላለች፣ ወጥ ትጥዳለች፣ ላም ታልባለች። ታላቅ እህት በክፍሉ አንድ ጥግ አምፖል አብርታ ለፈተና ታጠናለች። ሕፃኑ እራቱን በልቶ፣ መደብ ላይ ተነጥፎለት ‹‹ተኛ›› ሲባል ይስቃል፤ ውኃ ይጠይቃል፤ ወርዶ ይሮጣል፤ ሲቆጡት ያለቅሳል። እናት ከድካሟ የተነሣ ዐይኗ እየተከደነ ልጁ ግን ጭራሽ የነቃ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ‹‹ቀበጥ›› ወይም ‹‹እንቢተኛ›› ማለት የተለመደ ነው። የእንቅልፍ ሳይንስ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያልተኛው እንቢ ብሎ ሳይሆን አካሉ ለእንቅልፍ ገና ስላልተዘጋጀ ነው፤ ላለመዘጋጀቱም ምክንያቶቹ በሰዓት፣ በብርሃንና በዕለት ውሎው ውስጥ ተለይተው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው።

ጉዳዩ ወላጅ ላልሆነ ተማሪ ምን ይመለከተዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በጥጉ የምታጠናውን ታላቅ እህት ያስታውስ። ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ሁለቱ ኃይሎች

አሌክሳንደር ቦርቤይ የተባሉት የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት እንቅልፍ የሚገዛው በሁለት ኃይሎች ነው። የመጀመሪያው የእንቅልፍ ግፊት ይባላል። ነቅተን በቆየን ቁጥር ይጨምራል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ከዚህ ግፊት በስተ ጀርባ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ አዴኖሲን ነው። የአንጎል ሕዋሳት ቀኑን ሙሉ ኃይል ሲያወጡ አዴኖሲን እየተጠራቀመ ይሄድና ነቅተው የሚያነቁንን ክፍሎች ሥራ ያቀዘቅዛል። ቡና የሚያነቃንም በውስጡ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያዎች ቀድሞ ስለሚይዝ ነው፤ ድካሙን አያስወግደውም፣ እንዳይሰማን ያደርጋል እንጂ። ሻይም ካፌይን አለው። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ በማታ ሻይ ወይም ቡና ማቅመስ እንቅልፉን በገዛ እጅ ማባረር ነው።

በሕፃናት ላይ የእንቅልፍ ግፊት ከአዋቂዎች ይልቅ በፍጥነት ይጨምራል። የሁለት ዓመት ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይተኛ መዋል የሚከብደው፣ እኩለ ቀን ላይም ሸለብ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። የቀን እንቅልፍ ለእርሱ ቅንጦት አይደለም፤ ያስፈልገዋል። ችግር የሚፈጠረው የቀን እንቅልፉ ወደ ማታ ሲጠጋ ነው። ከእራት በፊት መክሰስ የበላ ልጅ እራቱን እንደሚገፋ ሁሉ፣ በ11 ሰዓት እናቱ ጀርባ ላይ ግማሽ ሰዓት የተኛ ሕፃንም በ1 ሰዓት እንቅልፍ አይርበውም። በመኸር ወቅት እናት ከማሳ ስትመለስ፣ ወይም ከገበያ ረጅም መንገድ ስትሄድ፣ የርምጃዋ ውዝዋዜ ልጁን በጀርባዋ ላይ ያስተኛዋል። ልጁ ቤት ሲደርስ ታድሶ ይነሣል፤ ድካሙ ሁሉ የቀረው በእናት ላይ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ደግሞ ቀን የሚተኙ ሕፃናት የምሽት ሥነ ሕይወታዊ ሰዓታቸው ቀን ከማይተኙት በአማካይ 38 ደቂቃ ዘግይቶ ተገኝቷል።

ይህ ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት ሁለተኛው ኃይል ነው።

ከከብት አንጎል የተገኘው የጨለማ መልእክተኛ

እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ደ ሜራን በቀን ቅጠሏን የምትዘረጋ፣ በሌሊት የምታጥፍ አንዲት ተክል ወስደው ጨለማ ቦታ አስቀመጧት። ተክሏ ፀሐይ ባታይም በቀን መዘርጋቷንና በሌሊት መታጠፏን ቀጠለች። ሰዓቱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጧ ነበረ ማለት ነው። በእኛም ውስጥ አለ። ከዐይኖቻችን በስተ ኋላ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳትን የያዘ ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክለስ የተባለ ሥፍራ ይገኛል፤ ዋናው ሰዓት እርሱ ነው። በሕዋሳት ውስጥ ይህን ሰዓት የሚያንቀሳቅሱትን ጂኖች አሠራር የገለጹት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሰው ልጅ ውስጣዊ ሰዓት ብቻውን ቢተው ዙሩ ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ይበልጣል፤ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ አግኝቷል። በየቀኑ ካልተስተካከለ ይዘገያል። የሚያስተካክለው በዋነኛነት ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እንደተረጋገጠው በዐይናችን ሬቲና ውስጥ ለማየት ሳይሆን የብርሃንን መኖርና አለመኖር ለሰዓቱ ለመንገር የተሰማሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቃቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲጠፋ ሰዓቱ ፓይኒያል የተባለችውን ትንሽ ዕጢ ያዝዛታል፤ እርሷም ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቅቃለች። ሜላቶኒን እንደ ማደንዘዣ ወዲያው የሚጥል ነገር አይደለም። ‹‹ሌሊት ሆኗል›› የሚል መልእክት ለመላ አካል የሚያደርስ ነው። በነገራችን ላይ ሜላቶኒንን እ.ኤ.አ. በ1958 ለይተው ያወጡት የዬል ዩኒቨርሲቲው አሮን ለርነርና ባልደረቦቻቸው ንጥረ ነገሩን ያገኙት ብዙ ሺህ የከብት ፓይኒያል ዕጢዎችን ሰብስበው ነው። የፎገራ ላምና የፎገራ ሕፃን ሌሊትን የሚያውቁበት ኬሚካል አንድ ነው።

የወረታ ፀሐይና የሰዓታችን አቆጣጠር

ወረታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀንና የሌሊት ርዝመቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። አጭሩ ቀን ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ረጅሙ ከ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይበልጥም። በለንደን አጭሩ ቀን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ረጅሙ ደግሞ ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። የለንደን እናት በሰኔ ልጇን የምታስተኛው ፀሐይ ገና በሰማይ ላይ እያለች ነው። በወረታ ግን ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቀው በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ዘግይታ የምትጠልቀው ደግሞ በሰኔ ማብቂያ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። የዓመቱ ልዩነት በጠቅላላ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምሮ የሚቆጥረው ልማዳችን ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ነው። ሰው ሁሉ ‹‹ከምሽቱ 1 ሰዓት›› ሲል በተዘዋዋሪ ‹‹ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ›› ማለቱ ነው። እኩለ ሌሊትን መነሻ ያደረገው የፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ያለ መረጃ አይሰጥም። ለሥነ ሕይወታዊው ሰዓት ትርጉም ያለው የእኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ የሕፃኑም ውስጣዊ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ነውና።

ሰዓቱ ሳይደርስ

ታዲያ ፀሐይ ጠልቃ ጨልሞ ሳለ ሕፃኑ ለምን አይተኛም? ከላይ በጠቀስነው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሞኒክ ለቡርዥዋ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 36 ወር የሆኑ 14 ሕፃናት ምራቅ በምሽት በየ30 ደቂቃው ተወስዶ ሜላቶኒን መታየት የሚጀምርበት ሰዓት ተለካ። አማካዩ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ሆኖ ተገኘ፤ ከልጅ ወደ ልጅ ግን ሰፊ ልዩነት ነበረ። ሜላቶኒን ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው የተኙት ልጆች በቀላሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሜላቶኒናቸው ሳይጀምር እንዲተኙ የተደረጉት ግን እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ መነሣት፣ መጣራትና ማልቀስም ታየባቸው።

የአሜሪካውያኑን 1 ሰዓት ከ40 ወደ ወረታ ማምጣት አይገባም። የብርሃን ሁኔታው፣ የንቃት ሰዓቱና የቤቱ ሥርዓት ሁሉ የተለየ ነው። ልንወስደው የሚገባን ዝምድናውን ነው፤ ወላጅ የመረጠው ሰዓት ከልጁ ውስጣዊ ሰዓት ከቀደመ ትግል ይፈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ እንቆቅልሽ አለ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት ውስጥ ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ እንደሚጫወትና እንደሚሮጥ ይናገራሉ። አልተሳሳቱም። ፔሬትዝ ላቪ የተባሉት እስራኤላዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ ከተለመደው የመኝታ ሰዓት ቀደም ብሎ ባሉት ጥቂት ሰዓታት አካል ለመተኛት እጅግ የሚቸገርበት ጊዜ አለ፤ እርሳቸውም ለእንቅልፍ የተከለከለ ክልል ብለውታል። ሥነ ሕይወታዊው ሰዓት የቀኑን የእንቅልፍ ግፊት ለመቋቋም የንቃት ኃይሉን ከፍ የሚያደርገው በዚያን ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ማሳ ውሎ ደክሞ የሚገባበት ምሽትና የሕፃኑ የንቃት ጫፍ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ልጁን ‹‹አስቸጋሪ›› ያሰኘው ይህ ግጥምጥም ነው።

የአንድ ሳምንት መዝገብ

የልጁን ሰዓት ለማወቅ ምራቅ መለካት አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስና ሰዓት ይበቃሉ። ለሰባት ሌሊት አራት ነገሮች ይመዝገቡ፤ ቀን የተኛበትና የነቃበት ሰዓት፣ ማታ ‹‹ተኛ›› የተባለበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰዓት፣ ጠዋት የነቃበት ሰዓት። ለልምምድ ያህል በየምሽቱ በ1 ሰዓት ተኛ የሚባል አንድ ሕፃን እንውሰድ። እንቅልፍ እስኪወስደው በሰባቱ ሌሊቶች 75፣ 60፣ 80፣ 70፣ 85፣ 65 እና 90 ደቂቃ ፈጀበት እንበል። ድምሩ 525፣ አማካዩ 75 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ የሚተኛው በ1 ሰዓት ሳይሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከነቃ የሌሊት እንቅልፉ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ከተኛ ጠቅላላው 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላሉ ሕፃናት የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ልጃችን ከወሰኑ አልወጣም ማለት ነው፤ የጎደለው እንቅልፍ ሳይሆን የቤቱ ሰላም ነው።

ቀጥሎ ያለው ርምጃ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነው፤ የመኝታ ሰዓቱን ወደፊት ከማምጣት ይልቅ ወደ ኋላ ማዘግየት። ፒያዛና ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ካስተዋወቁት ዘዴ የተወረሰው ይህ አሠራር ልጁን በእርግጥ እንቅልፍ በሚወስደው ሰዓት፣ በምሳሌያችን 2 ሰዓት ከ15 ላይ፣ ማስተኛትን ይጠይቃል። ልጁ ተኝቶ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ መውሰድ ከጀመረ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ሌሊቱ መኝታውን 15 ደቂቃ ማስቀደም ይቻላል። ሦስት ጊዜ ስናስቀድም 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን። ይህ የሚሠራው ግን የጠዋቱ መነሻ ሰዓት ሳይለወጥ ነው። ማታ ዘግይቶ ተኛ ተብሎ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት እንዲተኛ ከተተወ ሰዓቱ በሙሉ ይንሸራተታል። የቀን እንቅልፉም ከ9 ሰዓት በፊት ቢያበቃ ይመረጣል፤ ከማሳ ወደ ቤት በሚኬድበት ጊዜ ልጁን እያናገሩ ማቆየት ቀላል ባይሆንም ማታ ይከፍላል።

የእህት አምፖል

ወደ ታላቋ እህት እንመለስ። በላሜስ አካሴም መሪነት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት 1,000 ሉክስ ብርሃን ፊት አስቀመጠ። ሜላቶኒናቸው በ88 ከመቶ ቀነሰ፤ ብርሃኑ ከጠፋ 50 ደቂቃ በኋላም በአብዛኞቹ አላገገመም። አንድ ሺህ ሉክስ ብዙ ነው የሚል ይኖራል። በሎረን ሃርትስታይን መሪነት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቀጣይ ጥናት ግን ከ5 እስከ 40 ሉክስ ባለው ደካማ ብርሃን እንኳ ሜላቶኒን በአማካይ በ78 ከመቶ መቀነሱን አሳየ። ለማነጻጸር ያህል የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከግማሽ ሉክስ ያነሰ ነው፤ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። የትንሽ ልጅ የዐይን ሌንስ ጥርት ያለ፣ ብሌኑም ሰፊ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ብርሃን ወደ ሬቲናው ይገባል።

አያቶቻችን ያደጉበት ኩራዝ ጭሱ ለሳንባ፣ እሳቱም ለሕፃን አደገኛ ነበረ፤ ይመለስ አንልም። ብርሃኑ ግን ደካማና ቀይማ ስለነበረ የሕፃኑን ሰዓት እምብዛም አያውክም ነበር። ዛሬ ከጣሪያ የሚወርደው ነጭ አምፖልና ከፊት የሚያዘው ስልክ ቀን የተራዘመ ያስመስሉታል። ጥናት ይቁም ማለታችን አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥም ቢሆን አምፖሉን ከጣሪያ አውርዶ ከደብተሩ አጠገብ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወደ ግድግዳ ማዞር፣ በካርቶን መጋረድ፣ ወይም በልጁ መኝታ በኩል ነጠላ መዘርጋት ይቻላል። ስልክ ለሕፃን ማባበያ ሆኖ በማታ መሰጠቱ ግን ፈጽሞ ቢቀር እንወዳለን። በአንጻሩ ጠዋት ልጁን ወደ ደጅ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የንጋት ብርሃን ሰዓቱን ያስቀድመዋል፣ የማታ ብርሃን ያዘገየዋል።

እግር ማጠብ፣ ተረትና አንቀልባ

እ.ኤ.አ. በ2009 በጆዲ ሚንዴልና ባልደረቦቻቸው በታተመ ጥናት 405 እናቶች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በየምሽቱ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲከተሉ ተነገራቸው፤ ልጁን ማጠብ፣ ሰውነቱን ማሸት፣ ከዚያም ማቀፍና እንጉርጉሮ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕፃናቱ ፈጥነው መተኛት ጀመሩ፤ የእናቶቹም ስሜት ተሻሻለ። በእኛ አገር ይህን ሥርዓት ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ማታ እግርን በለብ ያለ ውኃ መታጠብ፣ በእሳት ዳር ተረት መስማት፣ እሹሩሩ ማለት ሁሉ አሉን። እግር ማጠብ ከንጽሕና ያለፈ ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም። የባዝል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንደገለጹት የእጅና የእግር ቆዳ ሲሞቅ ደም ወደ ዳር ይፈስሳል፤ የውስጥ ሙቀት ይወጣል፤ እንቅልፍም ይፈጥናል። ጥናቱ የተደረገው በወጣት አዋቂዎች ላይ ነው፤ ሥነ ሕይወታዊው መንገድ ግን በሕፃናትም ያው ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አለመለወጡ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሰዓት አያነብም፤ ‹‹ከእግር መታጠብ በኋላ ተረት፣ ከተረት በኋላ ጨለማ›› የሚለውን ግን በጥቂት ቀናት ይማራል።

ስለ አንቀልባም እናንሣ። በጃፓን በኩሚ ኩሮዳ የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳየው የሚያለቅስ ጨቅላ ተይዞ ለአምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ሲኬድበት ጸጥ ይላል፤ ግማሽ የሚሆኑትም ይተኛሉ። ከተኛ በኋላ ወዲያው ቢያወርዱት ይነቃል፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ተቀምጦ ይዞ መቆየት ግን መንቃቱን ይቀንሳል። የተጠኑት እስከ 7 ወር ያሉ ጨቅላዎች ነበሩ። የሁለት ዓመቱን ልጅ በአንቀልባ አባብሎ ማረጋጋት መልካም ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ በጀርባ መያዝ ከተለመደ ሌሊት በነቃ ቁጥር ያንኑ ይጠይቃል። ተረጋግቶ ገና ሳይተኛ ወደ መኝታው ማውረድ ይሻላል።

በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ ‹‹ልጁን በራሱ ክፍል ብቻውን አስተኙት›› የሚል ምክር በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ17 አገሮችና ግዛቶች 29,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናት የመኝታ ሰዓትም ሆነ የመኝታ ቦታ ከኅብረተሰብ ኅብረተሰብ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ በኒውዚላንድና በሆንግ ኮንግ መካከል ያለው የመኝታ ሰዓት ልዩነት ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። አንድም የአፍሪካ አገር ግን በጥናቱ አልተካተተም። ከእናቱ ጎን የሚተኛ የፎገራ ሕፃን የሚታረም ነገር አለበት ብለን አናምንም።

አያ ጅቦ

ልጅን ለማስተኛት ‹‹አያ ጅቦ መጣልህ›› ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ምናባዊ አስተሳሰብ ስለሚጎለብት ልጁ የሌለውን ማየት ይጀምራል፤ ጨለማንም ይፈራል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ጅቡ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ድምፁ ይሰማል። ፍርሃት አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያስለቅቃል፤ ልብ ይመታል፤ አካል ለሽሽት ይዘጋጃል። ዛቻው ልጁን ዝም ሊያሰኘው ይችላል፤ ዝምታው ግን እንቅልፍ አይደለም፣ በጨለማ ውስጥ ዐይን አፍጥጦ መጠበቅ ነው። ከዚህ ይልቅ ‹‹ምጣዱን አንሥቼ እመለሳለሁ›› ብሎ በእርግጥም በጥቂት ደቂቃ መመለስ፣ ቀጥሎም ቆይታውን በጥቂት በጥቂቱ ማርዘም ልጁ ብቻውን መረጋጋትን እንዲለምድ ያደርገዋል። ቃሉ ከታጠፈ ግን ዘዴው ይበላሻል።

አጎበሩ

በኅዳር ምሽት የጀመርነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎርፍ ከሸሸ በኋላ በየረባዳው የሚቀረው ፀሐይ ያገኘው ውኃ፣ የከብት ኮቴ ያበጀው ጉድጓድና የሩዝ ማሳው በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ለሆነችው ለአኖፌሌስ አራቢየንሲስ ትንኝ መራቢያ ይሆናሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ወቅትም፣ የሩዝ መሰብሰቢያም፣ ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቅበትም ነው። ትንኟ ሰው እስኪተኛ አትጠብቅም፤ ገና በመሸ ጊዜ መንከስ ትጀምራለች። ስለዚህ እስከ 2 ሰዓት ከ15 እየሮጠ የሚቆይ ሕፃን ከአጎበር ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ አደገኛ ነው።

ይህ ከላይ ካልነው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። የእንቅልፍ ባለሙያዎች መኝታ ለእንቅልፍ ብቻ ይዋል፤ ያልመጣለትን ልጅ በመኝታ አታቆዩት ይላሉ። የወባ ባለሙያዎች ደግሞ በጊዜ አጎበር ውስጥ አስገቡት ይላሉ። እኛ ወባ ባለበት ቦታ ለአጎበሩ እናደላለን። አጎበር ውስጥ መግባትና መተኛት ግን አንድ አይደሉም። ልጁ 1 ሰዓት ላይ እግሩን ታጥቦ አጎበር ውስጥ ይግባ፤ ተረቱና ጸጥ ያለ ጨዋታው እዚያው ይሁን፤ ብርሃኑ ይደብዝዝ፤ ‹‹ተኛ›› የሚለው ትእዛዝ ግን ሰዓቱ እስኪደርስ ይቆይ። ተረት የምትነግረው እናት ብቻ መሆን የለባትም፤ አባትም አያትም አሉ። አጎበሩ ያልተቀደደና ጠርዙ ከፍራሹ ወይም ከቁርበቱ ሥር የተከተተ መሆኑ ይታይ።

ቤቱ ሞቀ ተብሎ ያልተኛን ልጅ ውጭ ዛፍ ሥር ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት ናት፤ በአካባቢው የተደረገ ጥናትም ከግራር ዛፍ ሥር መተኛት ለበሽታው ይበልጥ እንደሚያጋልጥ አመልክቷል።

ሽሮፕና ጤና ጣቢያ

የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖች አንዳንዶቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ለማስተኛት ሊጠቀምባቸው ይፈተናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ምክንያቱም ትንፋሽን አዳክሞ ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንኛውንም የሚያስተኛ መድኃኒት ለሕፃን መስጠት አይገባም። የአልኮል መጠጥም እንዲሁ።

ከሰዓትና ከብርሃን ጋር የማይያያዙ ምክንያቶችም አሉ። ልጁ ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ቶንሲሉ አብጦ ይሆናል። ሌሊት ፊንጢጣውን የሚያክ ከሆነ ትላትል፣ ጣቶቹ መካከል የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። የገረጣና እግሩን በማታ የማያሳርፍ ልጅ የብረት እጥረት ሊኖርበት ይችላል። ትኩሳት ካለው በፎገራ ሜዳ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወባ ነውና እስኪነጋ ካልሆነ በቀር መዘግየት አይገባም። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ፣ የቀን እንቅልፉና የመኝታ ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ብርሃኑ ተጋርዶ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላም ልጁ በየምሽቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚታገል ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሲኬድ የእንቅልፍ መዝገቡ የተጻፈበት ደብተር አብሮ ቢያዝ ለባለሙያው ብዙ ጥያቄ ያሳጥርለታል።